ዓመተ ዓለም በዓይኑ ዐ

አዜብ ከተማሪዎች የኮምፒውተር ውድድር መራጭ ኮሚቴ የመጣውን መልስ ያነበበችው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቆማ ነው፤ አንብባ ስትጨርስም አልተቀመጠችም። ከማኅተሙ በላይ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። ፕሮግራሙ አይሠራም። የተሰጡት ስሞች ትርጉም የላቸውም። ተማሪዋ ወደፊት የስም አሰጣጥ ደንብና የአጻጻፍ ሥርዓት ብትማር መልካም ነው።

አይሠራም የሚለውን ችላ ልትለው ትችል ነበር፤ ማሽን ነው፣ አንዳንዴ እንቢ ይላል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ግን እንደ ጥፊ ፊቷ ላይ አረፈ። አርብ ገበያ በሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ከስም አሰጣጥ ደንብ ሳትነሣ ያስተማረችበት አንድም ዓመት የለምና።

መብራት ባለ ቀን በኮምፒውተሩ፣ በጠፋ ቀን በጥቁር ሰሌዳው ታስተምራለች። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለጀማሪ ስታስረዳ የምትጀምረው ከበሬ ነው። ገበሬ በሬውን ቦራ ብሎ የሚጠራው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ነው፤ ስሙን የሰማ በሬውን ሳያየው ያውቀዋል። እናንተም ለምታስቀምጡት ቁጥር ስም ስትሰጡ ስሙ ውስጡ ያለውን ይናገር ትላቸዋለች። ስም በቁጥር አይጀምርም። በስም መካከል ክፍት ቦታ አይገባም፤ ሁለት ቃል ከሆነ በታች ሰረዝ ይያያዛል። ቋንቋው ለራሱ የያዛቸውን ቃላት፣ ‹ከሆነ› የሚለውን ኢፍን፣ ‹ለእያንዳንዱ› የሚለውን ፎርን፣ ለእናንተ አትውሰዱ። በኢፍ መስመር መጨረሻ ሁለቷን ነጥብ አትርሱ፤ ከሥሩ ያለው መስመር ደግሞ ወደ ውስጥ ገባ ይበል፣ የትኛው የማን እንደሆነ ማሽኑ የሚያውቀው በዚያ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በሰጣችሁት ስም ጽኑ። በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል የጀመራችሁትን በትንሹ ብትደግሙት ማሽኑ አላውቀውም ይላል። በአማርኛ ከጻፋችሁም ዓይኑ ዐ እና አልፋው አ፣ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ለጆሯችሁ አንድ ቢሆኑም ለማሽኑ ባዳዎች ናቸው።

ተማሪዎቹ የፊደሎቹን ስም ሲሰሙ ይስቃሉ። የሺ ብቻ ስቃ አታውቅም። የሺ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ገብረ ሥላሴ በጋይንቱ ቤተ ልሔም ደብር ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ በእነሱ ቤት ፊደል የሚሳቅበት ነገር አልነበረም። ልጅቷ ለውድድሩ የጻፈችው ፕሮግራም የተወለደውም ከዚያው ቤት ነው። ባሕረ ሐሳብን፣ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ ወደ ፓይተን አመጣችው። ዓመቱን ሲያስገቡለት ጾመ ነነዌ በየትኛው ሰኞ እንደሚገባ ያወጣል። ለቁጥሮቹ የሰጠቻቸው ስሞች አባቷ ሲጠሯቸው እየሰማች ያደገችባቸው ናቸው፦ ዓመተ_ዓለም፣ ማለትም ከፍጥረት ወዲህ ያለው ዓመት፣ ከዚያም ስሌቱ ደረጃ በደረጃ የሚያወጣቸው ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ። ትርጉም የላቸውም የተባሉት እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

ውድድሩ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ልጆች መርጦ በክረምቱ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሥልጠና የሚልክ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አይገባበትም። ስለዚህ የሺ ዘንድሮ ካለፋት አለፋት። ኢንተርኔት አልነበረም፤ ፍላሽ ደግሞ ቫይረስ ያመጣል ተብሎ ተከልክሏል። ትምህርት ቤቶቹ ሥራዎቹን በወረቀት አትመው ላኩ፤ ኮሚቴው በራሱ እጅ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጠ ሊሞክራቸው።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አይተው ውሳኔ አንዴ ከወጣ አይነካም አሏት። አዜብም አልተከራከረቻቸውም። በማግስቱ ጠዋት የሺን አስከትላ ኮሚቴው ወዳለበት ወደ ንፋስ መውጫ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ ያቺን ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር በሆዷ እያመላለሰች ሄደች። ደንቡን ያላስተማረች አስመስለዋታል። ልጅቷን ደግሞ ያልሰማች። እሱስ ይሁን፤ መጥቅዕን ትርጉም የለውም ብሎ የሚፈርም የዚህ አገር ሰው ማን ይሆን? የራሱን ልጅ ክርስትና ሲያስነሣ ምን የሚል ስም አወጣለት?

ወረቀቱ ላይ ፊርማ እንጂ ስም ስላልነበረ ማን እንደፈረመ ያወቀችው እዚያ ስትደርስ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሙሉቀን ነበር።

ሙሉቀን ቀድሞ ከእሷና ከባለቤቷ ከደምሌ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ የደምሌ የልብ ጓደኛ ነው፣ ቤታቸው በልቶ ጠጥቶ የኖረ። ደምሌ ካረፈ በኋላ ግን ቤቷን ረግጦ አያውቅም። አዜብ ስለ ደምሌ አታወራም። ይህን የሚያውቁ ሁሉ አያነሡባትም፤ እንደዚያ ተስማምተው ይኖራሉ።

ሙሉቀን ገና ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ። ጉንጯን ስሞ፣ እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ በለቅሶ ቤት ድምፅ እንዴት እንደሰነበተች ጠየቃት። እግዚአብሔር ይመስገን አለችው። ሻይ ይምጣልሽ አላት፤ አልጠጣም አለች። የመጣችበትን ነገረችው፣ ፕሮግራሙን ተገልብጦ እንዳለ ማየት እንደምትፈልግም ነገረችው። ሥራ እንደበዛበት፣ ጉዳዩም ያለቀ እንደሆነ አስረዳት። ክፍሉ ውስጥ ግን ኮምፒውተሮቹን የሚጠግነው ጁሃር ነበር፤ ሰብሳቢው ሳያዘው ፋይሉን ከፈተላት። ጁሃር የንፋስ መውጫ የቅቤ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አፉና እጁ እኩል ይሠራሉ።

ማሽኑ ገና ሲሞክረው በቀይ ጮኸ። አዜብ ጎንበስ ብላ አየችው። በኢፍ መስመር መጨረሻ የተጻፈው ፓይተን የሚያውቀው ሁለት ነጥብ አልነበረም፤ በአማርኛው የኪቦርድ ፊደል ገበታ የሚገኘው፣ ቃልን ከቃል የምንለይበት የግዕዙ ሁለት ነጥብ ነበር። ለዓይን መንታ ናቸው። አስተካከለችው። ጁሃር ደግሞ ሞከረው፤ አሁንም ጮኸ። በዚህ ስም የማውቀው የለም ይላል።

ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን አስጠጋችው። ወረቀቱ ላይ በሁለቱም መስመር ዓመተ_ዓለም ይላል፣ በዓይኑ። ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው መስመር አመተ_አለም ይላል፣ ሁለተኛው ዓመተ_ዓለም። ጸሐፊው አንዱን በጆሮው፣ አንዱን በዓይኑ ገልብጦታል።

«ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለች።

ሙሉቀን እሱ ራሱ እንደጻፈው ተናገረ፤ ምኑ እንደሚያስጠይቅ ግን አልገባውም። «ያው አይደል እንዴ? አ ምን፣ ዓ ምን?»

«ላንተ ያው ነው። ልጅቷ የሰጠችው አንድ ስም ነው፤ ሁለት ያደረግኸው አንተ ነህ። ከዚያ ደግሞ ደንብ ትማር ብለህ ፈረምክባት።»

ጁሃር ሳቁን ዋጠ። «እኔንም መታወቂያ ላይ በሐመሩ ሐ ጽፈውኝ፣ እኔ እኔ መሆኔን ለማስረዳት ምስክር ቆጥሬያለሁ ጋሼ» አለ።

ሙሉቀን ጁሃርን አልሰማውም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ለአዜብ ግን ረጅም ማብራሪያ ሰጣት። እሱ ሲጀመርም የሚለው ይህንኑ ነው፤ በአማርኛ መጻፍ ጣጣ ያመጣል። ልጆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብለው በእንግሊዝኛ ቢሰይሙ አጭር ነው፣ ማንም አይሳሳትም። መጥቅዕ ብሎ ስም ማን ያውቀዋል? አዜብም የሚጾም ሁሉ ያውቀዋል አለችው፤ ኤ ምን እንደያዘ ግን የጻፈው ሰው ራሱ በሳምንቱ ይረሳዋል። ስም የሚሰጠው ለሚያነብ ሰው እንጂ ለማሽኑ አይደለም። ድምፅዋ ከፍ እያለ መሄዱን አውቃዋለች፤ ዝቅ ልታደርገው አልፈለገችም።

የሙሉቀን ፊት ለስለስ አለ፤ ያ የለቅሶ ቤት ድምፅ ተመልሶ መጣ።

«አዚ፣ ይገባኛል። ሐዘኑ ገና አልወጣልሽም። ሰው ልቡ ሲያዝን በትንሹም በትልቁም ይከፋዋል። በቃ ተዪው፤ ለደምሌ ስል ልጅቷን በልዩ አስተያየት አስገባታለሁ። ደስ ይበልሽ።»

ጁሃር ጣቶቹን ከፊደል ገበታው ላይ አነሣ።

ለአዜብ የቀረበላት ነገር ምን እንደሆነ አልጠፋትም፤ እሺ ብትል የሺ በክረምት ትሄዳለች፣ እነሱም በጊዜ ሚኒባስ ይዘው ይመለሳሉ። የሚያንገበግባትም ይኸው ነበር። ሰውየው ስሕተቱን አልካደም፣ አላመነም፤ የስሕተቱን ስም ለውጦ ወደ እሷ ጓዳ አስገባው። ከዚህ ክፍል ስትወጣ ስሕተቱ የሙሉቀን መሆኑ ቀርቶ የባል የሞተባት ሴት ሆድ መባስ ሊሆን ነው።

«አቶ ሙሉቀን» አለች።

ቀና አለ። በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንተ ስትለው ነበር የኖረችው፣ አቶ ብላው አታውቅም።

«እኔ የተቆጣሁት በእርስዎ ነው። ሐዘኔን እዚህ ማን ጠራው?»

የሚለውን ሳትጠብቅ ወደ በረንዳው ወጣች። የሺ ከግድግዳው ተደግፋ ቆማ ነበር፤ በሩ ክፍት ስለሆነ አብዛኛውን ሰምታለች። አዜብ ነገሩን ሳታስውብ ነገረቻት። በልዩ አስተያየት እናስገባታለን ብለዋል፤ እሺ ካልሽ አሁኑኑ ያልቃል። እንቢ ካልሽ እዚሁ ተቀምጠሽ ትሞክሪዋለሽ፤ ካልሠራ ግን ቀረ ማለት ነው፣ እኔም የምልልሽ አይኖርም። አስቢበት።

የሺ ነጠላዋን አጣፋች። «ልዩ አስተያየት ማለት እየሠራ ነው ወይስ ሳይሠራ?»

«ሳይሠራ ማለት ነው።»

«ይሠራል እኮ ቲቸር። ይሞከር።»

ገብታ ተቀመጠች። ሙሉቀን ወንበሩን ገፋ አድርጎ ከኋላዋ ቆመ። ልጅቷ የተገለበጠውን ከላይ ጀምራ መስመር በመስመር ከወረቀቱ ጋር አስተያየች፤ አመተ የሚለውን ሁሉ ወደ ዓመተ መለሰች፣ አንድ ቦታ መጥቅእ ተብሎ የተጻፈውንም አገኘች። ከዚያ ጁሃር ያለንበትን ዓመት፣ 2017ን አስገባ። ማሽኑ የካቲት 3 ሰኞ አለ። ጁሃር ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ወደ የካቲት ገለጠው። የነነዌ ጾም በሦስተኛው ቀን ላይ ተጽፏል።

«ይሄን ለአባቴ አድርሱልኝ» አለ ጁሃር። «ጾም ሳያስበው እየገባበት ቅቤው እንደ ድንጋይ ይቀመጥበታል።»

ሙሉቀን ግን አልተዋጠለትም። የዘንድሮውን ከግድግዳ ላይ አይቶ መጻፍ ይቻላል፤ ሌላ ዓመት ይግባ አለ። የሺ የትኛውን እንደምታስገባ አላመነታችም። ከዓመቶች ሁሉ የሚከብደውን መረጠች፤ ወንበር የተባለው የስሌቱ ቁጥር አልቦ የሚሆንበትን፣ ስሌቱ ዜሮ ላይ የሚወድቅበትንና ያልተጠነቀቀ ሰው የሚሳሳትበትን። የኢፍ መስመሮቹን የጻፈቻቸው እንዲህ ላሉ ዓመቶች ነበር። 2006 ብላ ጻፈች።

ማሽኑ መለሰ፦ የካቲት 3 ሰኞ።

ሙሉቀን ሳቀ፤ ደስ ብሎት ነው የሳቀው። «ይኸው! ገባችሁ? ስሌት የለም እዚህ። መልሱን ብቻ ነው የጻፈችው፤ የፈለጋችሁትን ዓመት ብትሰጧት የካቲት 3 ነው የምትላችሁ። ይሄማ ማጭበርበር ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ሊጻፍ ይገባል።»

የሺ ወደ ስክሪኑ እንዳየች ቀረች። ጆሮዋ ሥር ድረስ ቀላች። እጇን ወደ ፊደል ገበታው ልትዘረጋ ስትል አዜብ ተናገረች።

«በ2006 ነነዌ የገባው የካቲት 3 ሰኞ ነው።»

«በምን አወቅሽ?» አለ ሙሉቀን፣ ሳቁ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ።

«እሑድ፣ የካቲት 2፣ ሠርጌ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቀን ሲቆጥሩ ተሳስተው በማግስቱ ጾሙ ገባ። ለመልስ ድግሱ የታረደው በሬ ሳይበላ ቋንጣ ሆነ። ደምሌ ለእንግዳው ሁሉ ሽሮ እያቀረበ ሲስቅ ዋለ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሚዜው እርስዎ ነበሩ።»

ነገሩ ትዝ እንዳለው በሙሉቀን ፊት ላይ ይታይ ነበር፤ ሽሮው፣ ሳቁ፣ ምናልባትም እሱ ራሱ በዚያ ቀን የቀለደው ቀልድ። ዓይኖቹ ወደ የሺ ሄዱ፣ ከየሺ ወደ ወለሉ።

የፊደል ገበታው ድምፅ ተሰማ። ጁሃር ማንንም ሳይጠይቅ 2016 ብሎ አስገብቶ ነበር። ማሽኑ የካቲት 18 ሰኞ አለ። ጁሃር ጎሮሮውን ጠረገ። ዓምና ጾሙ ዘግይቶ የካቲት ከተጋመሰ በኋላ እንደገባ አባቱ ቅቤውን በመልካም ዋጋ ስለጨረሰ እንደማይረሳው፣ የ2006 እና የ2017 ቀን መግጠሙም እንዲሁ የአጋጣሚ ነገር እንደሆነ በዝግታ ተናገረ። ስሌት አለው ማለት ነው፤ ሌላ ዓመት ማስገባት ብቻ ነበር የቀረው።

ሌላ ዓመት ማስገባት ብቻ። አዜብ አራት ቁጥር በመጻፍ ለሚያልቅ ነገር ለእናቷ እንኳ ደግማ ያላወራችውን ቀን አውጥታ ከፈለችበት። ያቺ እሑድ አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ ናት፤ ጁሃር ያውቃታል፣ የሺ ታውቃታለች፣ ነገ ደግሞ ንፋስ መውጫ ያውቃታል። በሙሉቀን ላይ የነበረው ንዴት አልቀነሰም፤ በራሷ ላይ ሌላ ተጨመረበት እንጂ።

ሙሉቀን ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ሰጣት። የየሺ ሥራ በልዩ አስተያየት ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። አዜብ አንብባ መለሰችለት።

«ተሞክሮ ሠርቷል ይበሉልኝ» አለች። «ከዚያ በፊት አልሠራም የተባለው ሲገለበጥ በተፈጠረ ስሕተት ነው ይበሉ።»

«አዚ፣ ምን ልዩነት ያመጣል?»

«እሷን ደንብ ትማር ያሉበት ወረቀት ትምህርት ቤት ፋይል ውስጥ አለ።»

በጥቂቱ አንገራገረ፤ ማኅተም አንዴ የወጣበት ወረቀት እንደሚበላሽ፣ ሰዎች እንደሚጠይቁት ነገራት። ቆማ ጠበቀችው። ሌላ ወረቀት አውጥቶ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን አሳረፈ። ሲሰጣት ሊናገር የፈለገው ነገር ነበር፤ ስለ ደምሌ ይሆናል፣ ቤቷን ስላለመርገጡ ይሆናል። አዜብ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው፤ ንግግሩን እንዲጀምር መንገድ አላበጀችለትም። እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። ጁሃር እስከ በሩ ሸኛቸው፤ ለየሺ በሥልጠናው ያሉት ኮምፒውተሮች አዲስ ከሆኑ በአማርኛው ገበታ እንዳትታለል፣ ሁለቷን ነጥብ በእንግሊዝኛው እንድትጽፍ መከራት።

የመልሱ ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ ጠበቁ። የሺ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ ወረቀቱን በጉልበቷ ላይ ይዛዋለች። የምታነበው አልቋል፤ ግን አታስቀምጠውም። መኪናው ከከተማ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲይዝ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ቲቸር፣ ሌላ ዓመት ላስገባ ስል ነው የቀደሙኝ።»

«አይቻለሁ። እጅሽ ተነሥቶ ነበር።»

«ይቅርታ። ፈጠን ማለት ነበረብኝ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ» አለች አዜብ። ከፊታቸው የተቀመጠ ሰውዬ ዶሮው ከጆንያው እንዳትወጣበት በእግሩ ይዟታል፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ዶሮዋ ትጮኻለች። ንዴቱ ደረቷ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሰውየው ያን ሁሉ ሲረሳ እንዴት ቻለ? ሽሮውን አብሮ አቅርቦ፣ አብሮ ስቆ፣ ልጅቷን አጭበርባሪ ብሎ ለመጻፍ የተነሣ ሰው። እሷ በየዓመቱ የካቲት ሲገባ በሯን ዘግታ የምታሳልፈውን ቀን እሱ ከነአካቴው አያውቀውም። አርብ ገበያ እስክትደርስ ንዴቷ እንደማይለቃት ታውቃለች፤ እንዲለቃትም አልቸኮለችም።

የሺ ሌላ ጥያቄ ይዛ እንደቆየች ያስታውቃል። በመጨረሻ ጠየቀች፤ እዚያ ሥልጠናው ላይ ስሞቹን በምን ፊደል ልጻፍ፣ በእንግሊዝኛው ወይስ በእኛው?

አዜብ ፊቷን ወደ ልጅቷ መለሰች።

«አብሮሽ የሚሠራው ሰው ሊያነበው በሚችለው። እሱን ጠይቂ መጀመሪያ። የመረጥሽውን ግን እስከ መጨረሻው አትቀይሪ፣ ማንም ቢስቅብሽ። መጥቅዕን በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፊ ደግሞ እንዴት እንደምትጽፊው ዛሬውኑ ወስኚ፤ በአሥር ዓይነት ይጻፋል እሱ።»

የሺ እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አውጥታ በመዳፏ ላይ ትሞክረው ጀመር፤ አንዱን ጽፋ ሰረዘች፣ ሌላ ጻፈች፣ እሱንም ሰረዘች።